ከቤት የሚሠራ ሰው ቤት ማን ይፈትሽ? የሂውስተኑ ደብዳቤና የኪራይ ውሉ

በኦገስት 1997 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ሂውስተን ውስጥ ያለ ሲኤስሲ ክሬዲት ሰርቪስስ የተባለ የብድር መረጃ ድርጅት ለአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና አስተዳደር፣ በአጭሩ ለኦሻ፣ ደብዳቤ ጻፈ። አንዳንድ የሽያጭ ኃላፊዎቹ ከመኖሪያ ቤታቸው እንዲሠሩ ሊፈቅድ አስቧል፤ የዚያ ቤት ደህንነት በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? መልሱ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ኖቬምበር 15 ቀን 1999 መጣ። ጠያቂውን ድርጅት አልፎ ሀገር አነጋገረ፤ ሁለት ወር ሳይሞላውም ተሰረዘ። ዛሬ ከቤት ለሚሠራ ሰው በሚቀርብ ውል ውስጥ «አሠሪው የሥራ ቦታውን የመፈተሽ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል አንቀጽ ለምን እንደሚገባ፣ ለምንስ ብዙ ጊዜ በደንብ ሳይጻፍ እንደሚቀር ለመረዳት ከዚህ ጉዳይ መነሳት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካና የአውሮፓ ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በካሊፎርኒያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል በስልክ አስተርጓሚነት፣ በደንበኞች አገልግሎት፣ በሒሳብ ሥራና በሶፍትዌር ከቤታቸው የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። እነዚህ ሰዎች ሁለት ውል ይፈርማሉ። አንዱ ከአሠሪ ጋር፣ ሌላው ከአከራይ ወይም ከማኔጅመንቱ ጋር። ሁለቱም ስለ አንድ በር ይናገራሉ፤ አንዱ ውል ግን ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር የለም። ችግሩ የሚፈጠረውም እዚያው መካከል ነው።

ደብዳቤው ምን አለ?

የ1970ው የሥራ ደህንነትና ጤና ሕግ ስለ ሥራ ቦታ ሲናገር መኖሪያ ቤትን ለይቶ አላወጣም። ኦሻም ከዚህ ተነስቶ አሠሪ ሠራተኛውን ከቤቱ ቢያሠራም ኃላፊነቱ እንደማይቀርለት መለሰ። አሠሪው ሊኖር የሚችለውን አደጋ በተገቢ ጥንቃቄ አስቀድሞ መለየት አለበት። በአንዳንድ ሁኔታ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ሊያስፈልገው ይችላል። ሄዶ በማየትም ሆነ በሌላ መንገድ ያወቀውን ከሥራው ጋር የተያያዘ አደጋ ደግሞ ማስወገድ ይጠበቅበታል።

በሕግ ትርጉም ረገድ ይህ መልስ ከሕጉ ቃል ብዙም አልራቀም፤ ጉድለቱ ሌላ ነበር። አሠሪን ወደ ሠራተኛው ቤት እየላከ፣ ማን እንደሚገባ፣ በስንት ቀን ማስታወቂያ፣ የትኛውን ክፍል እንደሚያይ፣ ሠራተኛው እምቢ ቢል ምን እንደሚሆን አልተናገረም። ግዴታ ጭኖ መንገዱን ሳያሳይ ቀረ።

ዋሽንግተን ፖስት ነገሩን ጃንዋሪ 4 ቀን 2000 በፊት ገጹ አወጣው። በማግስቱ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሯ አሌክሲስ ኸርማን ደብዳቤውን ሰረዙት። ጃንዋሪ 28 የተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ የኦሻን ኃላፊ ቻርልስ ጄፍረስን አስቀርቦ ጠየቀ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2000 ኦሻ አሁንም የሚታወቅበትን መመሪያ ሲፒኤል 2-0.125 አወጣ።

መመሪያው ነገሩን ለሁለት ከፈለው። የመጀመሪያው ክፍል ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ስልክና ወረቀት ያለበት የቤት ቢሮ ነው። በዚህ ላይ ኦሻ ራሱ ፍተሻ አያደርግም፤ አሠሪውን ተጠያቂ አያደርግም፤ አሠሪው ሄዶ እንዲፈትሽም አይጠብቅም። አቤቱታ ቢደርሰው እንኳ ለአቅራቢው ፖሊሲውን ይነግረዋል እንጂ መርማሪ አይልክም። ሁለተኛው ክፍል እንደ ስፌትና ዕቃ መገጣጠም ያለ፣ ከቢሮ ሥራ ውጪ የሆነ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። እዚህ ላይ አካል የሚጎዳ ወይም በአፋጣኝ የሚያሰጋ ጥሰት እንዳለ አቤቱታ ወይም ጥቆማ ሲመጣ ብቻ ይፈትሻል፤ ፍተሻውም በሥራው ላይ ብቻ የተወሰነ ነው። አሠሪው የሚጠየቀው ራሱ ባቀረበው ወይም ተጠቀሙ ባለው ዕቃ፣ መሣሪያና የአሠራር ዘዴ ለሚመጣ አደጋ ነው።

ይህ የመጨረሻው አነጋገር ሊሰመርበት ይገባል። ከቤት ሥራ ውል ውስጥ ኃላፊነት ለመከፋፈል ከዚህ የጠራ መስፈሪያ አላየንም፤ ከታች ባለው የውል ቃልም የተጠቀምንበት እሱን ነው።

መንግሥት ከደጃፍ ሲመለስ የቀረው ዕዳ

መርማሪው አይመጣም ማለት ጉዳት አይመዘገብም፣ ካሳም አይከፈልም ማለት አይደለም። ብዙ አሠሪም ሠራተኛም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሠሪዎች የሥራ ጉዳትን የሚመዘግቡበት የኦሻ ደንብ (29 ሲኤፍአር 1904.5) ጃንዋሪ 2001 ወጥቶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ጀምሮ ሲሠራበት፣ ቤት ውስጥ የሚደርስ ጉዳት ከሥራ ጋር የተያያዘ የሚባለው ሰውየው በክፍያ ሥራ ላይ እያለ ሲደርስና ከቤቱ ጠቅላላ ሁኔታ ሳይሆን በቀጥታ ከሥራው ሲመነጭ ነው አለ። የሰጣቸው ምሳሌዎች ነገሩን ግልጽ ያደርጉታል። የሥራ ሰነድ የያዘ ሣጥን እግሩ ላይ ወድቆ ከጎዳው የሥራ ጉዳት ነው። ቤቱ ውስጥ ልብስ የሚሰፋ ሠራተኛ ጣቱን የስፌት መኪናው መርፌ ከወጋው የሥራ ጉዳት ነው። የሥራ ስልክ ለማንሳት ሲሮጥ የቤቱ ውሻ አደናቅፎት ከወደቀ ግን አይደለም። በቤቱ የተበላሸ የኤሌክትሪክ መስመር ከተያዘም አይደለም።

መዝገብና ካሳ ግን ለየቅል ናቸው። የኦሪገን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 ያየው ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። ለአንድ ትልቅ ሱቅ የቤት ማስዋብ ሥራ የምትሠራ ሴት የጨርቅ ናሙና ጋራዥዋ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር፤ ወደዚያ ስትሄድ የራሷ ውሻ አደናቀፋትና ተሰበረች። ፍርድ ቤቱ ካሳ ይገባታል አለ። አሠሪው ቤቷን የሥራ ቦታ ካደረገው፣ በሥራ ላይ እያለች በዚያ ቤት ያለው አደጋም የሥራው አደጋ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። አሠሪው ውሻውን ለመቆጣጠር አለመቻሉ አላዳነውም። ያው ውሻ፣ ያው አወዳደቅ፤ በፌዴራሉ መዝገብ የማይጻፍ፣ በክፍለ ሀገሩ የካሳ ሕግ የሚከፈልበት።

ይህን ያየ አሠሪና የኢንሹራንስ አማካሪው «እየከፈልን ካላየን አይሆንም» ብለው የፍተሻ አንቀጽ ወደ ውሉ ቢያስገቡ አይገርምም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከቤት ለሚሠሩ ሲቪል ሠራተኞቹ ያወጣው ደንብ ለምሳሌ የቤቱን የሥራ ቦታ የመፈተሽ መብቱን ይጠብቃል፤ ነገር ግን በቀጠሮ ብቻ ነው። ሠራተኛው ደግሞ የደህንነት ቼክሊስት ሞልቶ ይፈርማል። በግል ድርጅቶች የሚታየው አጻጻፍ ግን ብዙ ጊዜ ልጓም የለውም፤ «በማንኛውም ጊዜ»፣ «መኖሪያ ቤቱን»፣ «ያለ ቅድመ ማስታወቂያ» የሚሉ ቃላት ይገቡበታል።

የማን ፈቃድ ነው የሚያስፈልገው?

ቤቱ ኪራይ ሲሆን አንዳንድ አሠሪዎች የማኔጅመንቱን ይሁንታ ማምጣት በቂ ይመስላቸዋል። አይበቃም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1961 በጆርጂያ በተነሳው የቻፕማን ጉዳይ አከራይ በተከራዩ ስም ፖሊስን ወደ ቤት ማስገባት እንደማይችል ወስኗል። ከዚያም በ1967 የካማራ ጉዳይ መጣ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የማዘጋጃ ቤቱ የቤቶች ተቆጣጣሪ ለተለመደው ዓመታዊ ፍተሻ አንድ ሕንጻ ገባ። የሕንጻው አስተዳዳሪ፣ ምድር ቤቱን የተከራየው ሰው ከኋላው በኩል እየኖረበት መሆኑን ነገረው፤ የሕንጻው ፈቃድ ደግሞ ምድር ቤቱን ለመኖሪያነት አይፈቅድም ነበር። ተከራዩ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አላስገባም አለ፤ ተከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ረታ። በ1978 ደግሞ በአይዳሆ በተነሳው የባርሎው ጉዳይ የኦሻ መርማሪዎችም ባለቤቱ ካልፈቀደ ለሕዝብ ክፍት ወዳልሆነ የንግድ ቤት ክፍል እንኳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መግባት እንዳለባቸው ተወሰነ።

እነዚህ ፍርዶች መንግሥትን እንጂ የግል አሠሪን አያስሩም። ከእነሱ የሚወሰደው ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ይሁንታ በማኔጅመንት ፊርማ እንደማይተካ ነው። አሠሪ የሚያስፈልገው የሠራተኛው ስምምነት ነው፤ ከአከራዩ ጋር ምንም ውል የለውም፣ እንዲኖረውም አይገባም። ሠራተኛው የአሠሪውን ሰው እንደማንኛውም እንግዳ በሩን ከፍቶ ሊያስገባ ይችላል። ያለ አከራዩ ፈቃድ የማይችለው ግድግዳ መብሳት፣ ሶኬት መቀየር፣ አዲስ መስመር ማስገባት ነው። ስለዚህ አሠሪው በፍተሻ ወቅት «ይህ ይስተካከል» የሚለው ነገር ግማሹ በሠራተኛው እጅ የለም።

የኪራይ ሕግ ቀድሞ የፈታው

የአከራይን አገባብ የሚገዙ ሕጎች ከቤት ሥራ ውሎች ይልቅ በጣም የበሰሉ ናቸው። የካሊፎርኒያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1954 አከራይ የሚገባባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ድንገተኛ አደጋ፣ አስፈላጊ ወይም የተስማሙበት ጥገና፣ ለገዢ ወይም ለአዲስ ተከራይ ማሳየት፣ ተከራዩ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የመሳሰሉት። «እስቲ ዞር ዞር ብዬ ልየው» የሚባል ጠቅላላ ፍተሻ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ማስታወቂያው በጽሑፍ ሆኖ ቀኑን፣ ግምታዊ ሰዓቱንና ምክንያቱን መያዝ አለበት። በእጅ ሲሰጥ ወይም በር ላይ ሲተው 24 ሰዓት፣ በፖስታ ሲላክ 6 ቀን በቂ ይባላል። መግባት የሚቻለውም በመደበኛ የሥራ ሰዓት ነው። ተከራዩ ይህን መብቱን አስቀድሞ በውል ቢተው እንኳ በቁጥር 1953 መሠረት መተዉ ዋጋ የለውም። አከራዩ ተከራዩን ለማስለቀቅ ብሎ ይህን ሕግ ሆን ብሎ በከባድ ሁኔታ ከጣሰ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 2,000 ዶላር ሊያስከፍለው ይችላል። በዲሲ ማስታወቂያው 48 ሰዓት ሲሆን ሰዓቱ ከጠዋቱ 9 ኤኤም እስከ 5 ፒኤም ነው፤ እሁድና የፌዴራል በዓል አይሆንም። በቨርጂኒያ ተከራዩ ላልጠየቀው የተለመደ ጥገና 72 ሰዓት ነው።

ምክንያት፣ ማስታወቂያ፣ ሰዓት፣ ወሰን። የሂውስተኑ ደብዳቤ የጎደለው ይኸው ነበር። የከቤት ሥራ ውል የሚያረቅ ሰው አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅበትም፤ ከኪራይ ሕጉ ቅርጹን ይውሰድ።

አውሮፓ ወደዚህ ቀድማ ሄዳለች። በጁላይ 16 ቀን 2002 ብራስልስ ላይ የአሠሪና የሠራተኛ ማኅበራት የፈረሙት የርቀት ሥራ ማዕቀፍ ስምምነት፣ ሥራው በመኖሪያ ቤት ከሆነ መግባት የሚቻለው አስቀድሞ አሳውቆ ሠራተኛውም ሲስማማ ነው ይላል። ሠራተኛው ራሱ ፍተሻ ይደረግልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችልም ይጨምራል። የስፔን ሕግ 10/2021 ደግሞ ጉብኝቱ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ ጽሑፍ አስቀድሞ እንዲሰጥና ቤቱ የሠራተኛው መኖሪያ ከሆነ ፈቃዱ እንዲጠየቅ ያዛል። በሀገራችንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 እና የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 13 መኖሪያ ቤትን ይጠብቃሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ውል ሲናገር አሠሪው በቀጥታ የማይቆጣጠረውና የማይመራው ሥራ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ሰው «በማንኛውም ጊዜ» የሚል አንቀጽ ሲቀርብለት ጥያቄ የማንሳት መነሻ አለው።

የውል ቃሉ

ከላይ ያለውን ወደ አንድ አንቀጽ ስናመጣው እንዲህ ይነበባል፤

«የሥራ ቦታ ማለት በአባሪው ንድፍ ላይ የተመለከተው ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የአሠሪው መሣሪያዎችና በዙሪያቸው ያለው አንድ ሜትር ስፋት ነው፤ የቀረው ቤት አይካተትም። አሠሪው የሥራ ቦታውን ማየት የሚችለው (ሀ) የሥራ ጉዳት ሲደርስ፣ (ለ) በአሠሪው መሣሪያ ላይ የደህንነት ብልሽት ሲነገር፣ (ሐ) ሠራተኛው ራሱ ሲጠይቅ ብቻ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምክንያቱንና የሚመጣውን ሰው ስም የያዘ ማስታወቂያ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይሰጣል። ጉብኝቱ በሥራ ሰዓት ሆኖ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም፤ ጊዜውም እንደ ሥራ ጊዜ ይከፈላል። ሠራተኛው ጊዜውን አንድ ጊዜ እስከ 5 የሥራ ቀን ሊያዛውር፣ ወይም በጉብኝቱ ፈንታ ራሱ ያነሳቸውን ፎቶዎች ሊልክ ይችላል። ሠራተኛው ካልፈቀደ አሠሪው ሥራው ከቢሮ እንዲሠራ ሊያደርግ ይችላል፤ ባለመፍቀዱ ብቻ ግን አያሰናብተውም።»

«አንድ ሜትር» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በስቱዲዮ ቤት ውስጥ «የሥራ ክፍሉን» ብሎ መጻፍ አልጋውንም ወጥ ቤቱንም መፈተሽ ማለት ነው። ንድፉ በእጅ የተሣለ ቢሆንም ይበቃል፤ ጠረጴዛው ከየትኛው ግድግዳ ጋር እንደሆነና የትኛውን ሶኬት እንደሚጠቀም ያሳይ።

ምክንያቶቹ ለምን ሦስት ብቻ ሆኑ? «ምርታማነትን ለመከታተል» የሚለው ከገባ የደህንነት አንቀጹ የስለላ አንቀጽ ይሆናል፤ ጉዳት በደረሰ ቀን ደግሞ ሠራተኛው አሠሪውን ሊያስገባው አይፈልግም። የሥራ ክትትል የራሱ አንቀጽ ይኑረው።

አሠሪዎች የሚቃወሙት አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው። እኛ የምንለው ግን ይህ ነው፤ ቤቱን አላሳይም ያለን ሰው ወደ ቢሮ መጥራት ለአሠሪው በቂ መከላከያ ነው፤ ቢሮ ለሌለው ድርጅት ደግሞ የፎቶው አማራጭ አለ። አብረው የሚኖሩ ሰዎችም አሉ። የክፍል ተጋሪ፣ እናት፣ ልጅ ውሉን አልፈረሙም፤ ስለዚህ ፎቶ የሚነሳው ከጠረጴዛው ዙሪያ ብቻ እንዲሆን፣ ሰውም መድኃኒትም የቤተሰብ ወረቀትም እንዳይታይበት፣ ከ90 ቀን በኋላም እንዲጠፋ በአባሪው ላይ ይጻፍ።

በካሜራ የሚደረግ ፍተሻ

ብዙ ድርጅት በአካል መምጣቱን ትቶ ካሜራ አዙር ማለት ጀምሯል። ቀላል ይመስላል፤ የሚያሳየው ግን በአካል ከመጣ ሰው ሊበልጥ ይችላል፤ ይቀረጻል፣ ይከማቻል። ኦሃዮ ውስጥ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ከፈተና በፊት ክፍሉን በካሜራ እንዲያሳይ አድርጎት ነበር። ቅኝቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በኦገስት 2022 ይህ ያለ አግባብ ፍተሻ ነው ብሎ ወሰነ። በዚያው ዓመት የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት፣ የፍሎሪዳ ሶፍትዌር ድርጅት ተቀጣሪ ቀኑን ሙሉ ካሜራውን ክፍት አላደርግም በማለቱ መባረሩ አግባብ አይደለም አለ፤ 50,000 ዩሮ ካሳም ፈረደለት። ሌሎች ክፍያዎች ሲጨመሩበት ከዚህ በላይ ሆነ። በውል ውስጥ ካሜራ የሚገባ ከሆነ ቀጥታ ሥርጭት ብቻ፣ ያለ ቅጂ፣ ሠራተኛው ራሱ እያዞረ፣ በቀጠሮ ይሁን።

ቼክሊስቱ ላይ በጭፍን መፈረም

በፍተሻ ፈንታ የሚመጣው ቅጽ «የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስድ የመከላከያ መስመር) አለው?»፣ «ሽቦዎቹ ደህና ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ተከራይ ይህን አያውቅም፤ ግን «አዎ» ብሎ ይፈርማል፤ በዚያች ፊርማ ስለ ቤቱ ትንሹን የሚያውቀው ሰው ዋናው መስካሪ ሆኖ ይገኛል። ማወቅ ግን ከባድ አይደለም። ሦስት መብራት ያለው የሶኬት መፈተሻ ከሃርድዌር ሱቅ በትንሽ ዋጋ ይገዛል። ሶኬቱ ላይ ሰክቶ መብራቶቹን ከላዩ ከተጻፈው ሰንጠረዥ ጋር ማመሳከር ነው፤ ኧርዝ ከሌለ ወይም ሽቦ ተገላብጦ ከታሰረ ይናገራል። በአሮጌ አፓርትመንት ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት ከተገኘ ባለ ሦስት እግር ኮምፒውተርን በአዳፕተር አስገድዶ መሰካት ኧርዝ አይፈጥርም።

ሌላው ማሞቂያ ነው። 1,500 ዋት የሆነ የክፍል ማሞቂያ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ይወስዳል። 15 አምፒር ብሬከር ለረጅም ሰዓት እንዲሸከም የሚመከረው 80 በመቶውን፣ ማለትም 12 አምፒር ነው። ማሞቂያው ብቻውን ወሰኑን አለፈ ማለት ነው፤ ኮምፒውተርና ሌዘር ፕሪንተር ሲጨመሩበት ብሬከሩ ይወርዳል፣ ማሞቂያው በኤክስቴንሽን ላይ ከሆነ ደግሞ ገመዱ ይግላል። ማሞቂያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፤ የሥራ መሣሪያው ከሌላ ብሬከር ይውሰድ። የጭስ መጠቆሚያውን በወር አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጭኖ መሞከር፣ ከጀርባው ከተጻፈው ቀን 10 ዓመት ካለፈው ማስቀየር ይገባል።

ጉድለት ሲገኝ ወዴት ይኬዳል? እዚህ ላይ የኦሻ መመሪያ መስፈሪያ ይሠራል። የአሠሪው ዕቃ ከሆነ ለአሠሪው፤ ግድግዳው ውስጥ ያለ ከሆነ ለአከራዩ። የጉዳት መዝገብ ደንቡ የተበላሸ የቤት መስመርን ከአሠሪው ላይ ማውረዱን አይተናል። የካሊፎርኒያ ሕግ ቁጥር 1941.1 ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር በደህና እንዲያዝ አከራዩን ያስገድዳል። ስለዚህ ሠራተኛው በቼክሊስቱ ላይ «አዎ» ከማለት «ሶኬቱ ኧርዝ የለውም፤ በዚህ ቀን ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ለአከራዩ የሚላከው ፎቶና ቀን ያለው ይሁን። በካሊፎርኒያ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ሕጉ ተገቢ ጊዜ እንዳለፈ ይገምታል፤ ተከራዩም እስከ አንድ ወር ኪራይ የሚደርስ ወጪ አውጥቶ አሠርቶ ከኪራዩ መቀነስ ይችላል፤ ይህን ግን በ12 ወር ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ አይጠቀምበትም። አሠሪው የእሳት ማጥፊያ ወይም ልዩ ወንበር ካዘዘ ወጪው የእሱ ነው፤ በካሊፎርኒያ የሠራተኛ ሕግ ቁጥር 2802 ለሥራ አስፈላጊ የሆነ ወጪ እንዲመለስ ያዛል።

አከራዩ ሲገባ፣ አስተርጓሚዋ በስልክ ላይ ስትሆን

የሆስፒታል ጥሪ የምትቀበል አስተርጓሚ የታካሚ ምስጢር እንድትጠብቅ በውል ታስራለች፤ የምትዘጋው በር ግን የአከራዩ ቁልፍም የሚከፍተው በር ነው። ሕጋዊ ማስታወቂያ የሰጠን አከራይ መከልከል አይቻልም፤ ሰዓት ማቀራረብ ግን ይቻላል። ኪራዩን ሲፈርሙ ወይም ሲያድሱ አንድ መስመር ማስጨመር ይበቃል፤ «ተከራዩ በቤት ውስጥ የጽሕፈትና የስልክ ሥራ ይሠራል፤ ደንበኛ አይመጣም፣ ምልክት አይሰቀልም፣ ዕቃ አይከማችም። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር አከራዩ ከመግባቱ በፊት በስልክ መልእክት ሰዓቱን ያረጋግጣል።» ይህች መስመር ሁለት ነገር ትፈታለች። «ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ ነው» የሚለው የተለመደ አንቀጽ ኋላ እንደ ጥሰት እንዳይነሳ ታደርጋለች፤ የጥገና ሠራተኛ በጥሪ መካከል እንዳይገባም ትከላከላለች። ለአሠሪው ውል ደግሞ «አከራዩ በሕግ የመግባት መብት እንዳለው አሠሪው ያውቃል፤ ሠራተኛው ማስታወቂያ ሲደርሰው ከጥሪ መስመር ለዚያ ጊዜ መውጣት ይችላል» ይጨመር። ያለዚህ፣ የቧንቧ ሠራተኛ በመምጣቱ ብቻ አስተርጓሚዋ ምስጢር አባከነች ተብላ ልትከሰስ ትችላለች። ማያ ገጹ በ2 ደቂቃ እንዲቆለፍ ማድረግ፣ ማስታወሻ ወረቀትን ቁልፍ ባለው መሳቢያ ማኖርና በጆሮ ማዳመጫ መሥራት የእሷ ድርሻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የሚነሳው ጠብ ደግሞ የዕቃ መመለስ ነው። ብዙ ውል «አሠሪው ዕቃውን ለመውሰድ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል» ይላል። ይህን ከፍተሻ አንቀጹ አውጥቶ ለብቻው መጻፍ ይሻላል፤ አሠሪው የተከፈለበት የመላኪያ ሣጥን በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ይልካል፤ ሠራተኛው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ዕቃውን አሽጎ ለፖስታ ያስረክባል፤ መለያ ቁጥሮቹ የሚታዩበት ፎቶና የፖስታ ደረሰኝ የርክክብ ማስረጃ ይሆናሉ። ደመወዝ ለዚህ መያዣ አይደረግም፤ ወደ ቤቱም ማንም አይገባም።